ጓሳና ባለመብቶቹ፦ የወል ምድርን በፍትሕ ስለ መጠበቅ

ሕዝብ በጋራ የሚገለገልበት ምድር ውሎ አድሮ መራቆቱ አይቀርም የሚለው ሐሳብ በዘመናችን ሊቃውንት ዘንድ ከፍ ያለ ተሰሚነት ያገኘው፣ ጋሬት ሃርዲን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1968 ሳይንስ በሚባለው መጽሔት ላይ ካወጣው ድርሰት ወዲህ ነው። እንደ እርሱ አስተያየት፣ በወል ግጦሽ ላይ ከብቱን የሚያሰማራ እረኛ አንዲት ላም በጨመረ ቁጥር ጥቅሙ ለእርሱ ብቻ ሲሆን ጉዳቱ ግን በሁሉ ላይ ስለሚከፋፈል፣ ማንም ቢሆን ራሱን የሚገታበት ምክንያት አይኖረውም፤ ስለዚህም መስኩ ወይ በግል ርስትነት ሊከፋፈል፣ ወይ በመንግሥት እጅ ሊገባ ይገባዋል። ሐተታው ለብቻው ሲነበብ ነቀፋ የሌለበት ይመስላል። ዳሩ ግን በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ደጋ ላይ የሚገኘውን የጓሳን ምድር ታሪክ የመረመረ ሰው፣ ሊቁ የገለጸው ጠባቂና ሥርዓት ያጣውን ምድር እንደ ሆነ ይረዳል፤ ከዚህም የጠለቀውን ነገር፣ ማለት የምድር ጥበቃና የሰዎች እኩልነት አንዱ ከሌላው ተነጥሎ ጸንቶ ሊቆም የማይችል መሆኑን ያስተውላል።

ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ በስምጥ ሸለቆው አፋፍ የተዘረጋ፣ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ውርጫማ ምድር ነው። ስሙን የሚጋራው የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ በድርቅም ጊዜ ለከብት መኖ ይሆናል፤ ቁጥቋጦው የማገዶ ምንጭ ነው፤ ከረግረጉና ከሣሩ ሥር የሚፈልቀው ውኃ እኩሉ ወደ ዓባይ፣ እኩሉ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይወርዳል። በዚሁ ሣር ሥር አይጦች ይራባሉ፤ አይጦቹን አድኖ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ነው፤ ይህም እንስሳ ከኢትዮጵያ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የማይገኝ፣ ቁጥሩም በጠቅላላው ከ500 የማይደርስ ፍጡር ነው። ጭላዳውም እንዲሁ ከዚህ አገር ውጭ አይገኝም። እንግዲህ ሣሩ ካለ ልክ ሲታጨድ የሚጎዳው የክዳን ፈላጊው ድኻ ብቻ አይደለም፤ ምንጩም፣ አይጡም፣ ቀበሮውም በአንድ ሰንሰለት ይከተላሉ። የመንዝ ሰው ይህን ከመጽሐፍ አልተማረውም። ገብሱ በውርጭ በተመታ ዓመት በጎቹን ይዞ የሚወጣው ወደ ጓሳ ነበርና፣ የምድሩን ልክ በኑሮው ያውቀው ነበር።

በቃል ትውፊት እንደሚነገረው፣ አስቦና ገራ የተባሉ አቅኚ አባቶች በ17ኛው ምዕት ዓመት ገደማ ምድሩን ለሁለት ከፍለው ለዘሮቻቸው በአጽመ ርስትነት አወረሱት፤ አጠቃቀሙም ቄሮ በተባለ ሥርዓት ይመራ ነበር። የእያንዳንዱ ወገን ባለርስቶች አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጡ ነበር፤ እርሱም ከሽማግሎች ጋር መክሮ ምድሩ የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ጊዜ ይወስናል፣ ሕዝቡን ለጥበቃ ያስወጣል፣ ሥርዓቱን የተላለፈውን ይቀጣል። ሣሩ እስኪጠና ድረስ ምድሩ ሦስት ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ተዘግቶ ይቆይና፣ የበጋው ድርቀት በበረታበት ወራት ለተወሰነ ጊዜ ይከፈታል፤ ክረምቱ ሲቃረብ ደግሞ ሰውም ከብትም ይወጣና ምድሩ ያርፋል። እኔ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የማደንቀው፣ ሕግ አውጪው፣ ተጠቃሚውና ጠባቂው አንድ ወገን መሆኑን ነው። ሣር የሚያጭደው እጅ ያው በተራው የሚጠብቀው እጅ ነበር፤ በኦሪት ዘፍጥረት የመጀመሪያው ሰው በገነት ሲኖር የተሰጡት ሁለቱ አገልግሎቶች፣ ምድርን ማልማትና ምድርን መጠበቅ፣ በጓሳ ተነጣጥለው አያውቁም ነበር።

ይሁን እንጂ ለጥንቱ ሥርዓት ያለን አክብሮት ጉድለቱን እንዳናይ ሊጋርደን አይገባም። መብቱ የተመሠረተው በዘር ሐረግ ላይ ነበርና፣ አባቶቹን እስከ አስቦ ወይም እስከ ገራ ቆጥሮ መድረስ የማይችል ሰው፣ ከጓሳ አፋፍ ላይ ተወልዶ ቢያረጅም እንኳ፣ ከሣሩ ድርሻ አልነበረውም። በሰሜኑ የርስት አገር ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪው ብዙ ጊዜ ርስት አልባ እንደ ነበሩ የታወቀ ነው፤ ከሩቅ አገር መጥቶ የሰፈረውም እንዲሁ። ለቀበሮው ማረፊያ የሰጠ ሥርዓት ለጎረቤቱ የቤት ክዳን መንፈጉ፣ ምንም ያህል ዘመን የጸና ቢሆን፣ ርትዕ ነው ሊባል አይችልም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን አድልዎ በአንድ ቀን አፈረሰው። አጽመ ርስት ቀረ፤ ከርሱም ጋር አባ ቄራው ሥልጣኑን አጣ። ትናንት የተከለከለው ሰው ዛሬ ባለመብት መሆኑ ሊካድ የማይገባ ፍትሕ ነበር። ነገር ግን መብቱ ሲሰፋ የጥበቃው ግዴታ በተግባር ተረካቢ አጣ፤ ምድሩ የሁሉ ሆነ፣ ጠባቂው ግን ማንም አልሆነም። በዚህ ጊዜ ነው የሃርዲን እረኛ በእውነት ወደ ጓሳ የመጣው። የመዝጊያው ወራት ተረሳ፤ ሣሩ ሳይጠና ታጨደ፤ ማገዶው ተመነጠረ፤ ዳር ዳሩም በማረሻ ተነካ። እዚህ ላይ የምድሩን መጎሳቆል የእኩልነት ውጤት አድርገው የሚያዩ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን ከቶ አልቀበለውም። ድኻው ሣሩን የተሻማው ድርሻ ስለ ተሰጠው አይደለም፤ ድርሻው ነገም እንደሚቆየው የሚያረጋግጥለት ሸንጎ ስላጣ ነው።

ለዚህ አባባል ምስክር የሚሆነው ከዚያ በኋላ የተደረገው ነው። በጓሳ ዙሪያ ያሉት የገበሬ ማኅበራት፣ የቀድሞውን ባለርስትና የቀድሞውን ርስት አልባ በአንድነት ይዘው፣ በዕድር መልክ የጥበቃ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ የመዝጋትና የመክፈት ልማዱም ተመለሰ፤ ኋላም የአማራ ክልል መንግሥት ምድሩን የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ አድርጎ በደንብ አጸናው። የቄሮ ጥበብ ተረፈ፤ የቄሮ አጥር ግን ፈረሰ።

ኤሊኖር ኦስትሮም የተባለችው አሜሪካዊት ሊቅ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤልን ሽልማት ያገኘችበት ምርምር እንዲህ ያሉ ሥርዓቶች በብዙ አገር እንደሚገኙ አሳይቷል። በስዊዘርላንድ ተራሮች ላይ ያለችው የቶርበል መንደር እ.ኤ.አ. በ1517 በጻፈችው ደንብ፣ ማንም ሰው በክረምት ሊቀልብ ከሚችለው በላይ ላም ወደ ወል ተራራው እንዳያወጣ ወስናለች። ያው መንደር ግን ከዚያ ቀደም፣ በ1483 የማኅበር ውሏ፣ እንግዳ ሰው በመንደሩ ውስጥ መሬት ቢገዛ እንኳ ከወሉ ግጦሽ መብት እንዳያገኝ ከልክላ ነበር። ስለዚህ የመንዝ አባቶች ጉድለት የእነርሱ ብቻ አልነበረም፤ በደንብ የተጠበቀ ወል ሁሉ በር የመዝጋት ፈተና አለበት።

ለዛሬው ጓሳም ይህ ፈተና ገና አልቀረለትም። በመንዝ የእርሻው ማሳ በውርስ እየጠበበ ሲሄድ መሬት አልባው ወጣት ይበዛል፤ ባሏ የሞተባት ወይም ለብቻዋ ቤት የምታስተዳድር ሴትም ለጥበቃ የሚወጣ ወንድ ልጅ ከሌላት ድርሻዋ በልማድ ሊዘነጋ ይችላል። የእኔ አሳብ፣ መተዳደሪያ ደንቡ የሣሩን ድርሻ በአባወራ ስም ብቻ ከመመዝገብ ይልቅ ጥበቃውን በገንዘብም ሆነ በጉልበት ለሚሸከም ሰው ሁሉ፣ ወንድ ሴት ሳይል፣ በየስሙ እንዲመዘግብ፣ ቀይ ቀበሮውንና ጭላዳውን ለማየት ከሚመጣው እንግዳ የሚገኘው ገቢም አስቀድሞ መሬት ለሌላቸው ወጣቶች የጥበቃ ደመወዝ እንዲውል ነው።