የሠፈር ስምና የዕድር መዝገብ፤ ስለ ቂርቆስና ስለ ካዛንቺስ ታሪክ አጠናን

ታሪክ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የነገሥታቱን ዜና መዋዕል፣ የዘመቻውንና የውሉን ነገር ነው። ስለዚህም አንድ ተማሪ የሚኖርበትን ሠፈር ታሪክ እንዲጽፍ ቢታዘዝ ሥራው በጣም ቀላል ይመስለዋል። ደብተሩን ይዞ ወጥቶ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ጠይቆ ሲመለስ ግን በእጁ ያለው የሠፈሩ ስም ትርጉምና ምናልባት የአንድ መኳንንት ስም ብቻ ሆኖ ያገኘዋል። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚጽፍ ይቸግረዋል። እኔም በዚሁ ችግር ውስጥ ስላለፍሁ፣ በመካከለኛው አዲስ አበባ የሚገኙትን ሁለት ጎረቤታሞች፣ ቂርቆስንና ካዛንቺስን፣ ምሳሌ አድርጌ ከስሙ ወዲያ ያለው ታሪክ በምን ሊገኝ እንደሚችል ለመግለጽ እሞክራለሁ።

ከካዛንቺስ እንጀምር። ቃሉ አማርኛ አይደለም። ኢጣልያኖች በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዙ በኋላ ለመንግሥታቸው ሠራተኞች መኖሪያ ያሠሯቸው ቤቶች «ካዜ ኢንቺስ» ይባሉ ነበር። «ካዜ» ቤቶች ማለት ነው፤ «ኢንቺስ» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1924 በኢጣልያ አገር የተቋቋመው የመንግሥት ሠራተኞች ቤቶች ብሔራዊ ድርጅት በራሱ ቋንቋ ሲጠራ፣ የስሙ መነሻ ፊደሎች ተገጣጥመው የሚሰጡት አሕጽሮት ነው። የአዲስ አበባ ሰው ሁለቱን ቃላት አጋጥሞ፣ መካከሉን ውጦ፣ ለአፉ እንዲመቸው ካዛንቺስ አለው። በቂርቆስ በኩል ያለው ፖፖላሬም እንዲሁ የተራው ሕዝብ ቤቶች ማለት ከሆነው ከ«ካዜ ፖፖላሪ» የቀረ ነው። ኢኛሲዮ ጉይዲና ቼዛሬ ቫሌ የተባሉት ኢጣልያውያን ያወጡት የከተማ ፕላን ኢጣልያዊውና የአገሩ ተወላጅ በአንድ ሠፈር እንዳይኖሩ የሚለይ ነበር፤ የአገሬው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ የሄደውም በዚሁ አሳብ ነው።

ብዙው የተማሪ ጽሑፍ እዚህ ላይ ያበቃል። አንባቢም «ለካ ስሙ የጣልያን ነው!» ብሎ ይደነቅና ገጹን ይገለብጣል። ነገር ግን ይህ የሚነግረን ቤቶቹን ማን እንደ ሠራቸውና ለማን ታስበው እንደ ተሠሩ ብቻ ነው። የተሠራላቸው ሰዎች በዚያ የቆዩት ቢበዛ አምስት ዓመት ነው። ከሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በኋላ ስሙ ቀረ፣ ግድግዳው ቀረ፤ ባለቤቶቹ ሄዱ። ታዲያ ማን ገባባቸው? በስንት ተከራየ? በግቢው ውስጥ የጭቃ ሰርቪስ ቤት ጨምሮ ያከራየው ማን ነው? በ1948 ዓ.ም. የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት፣ በ1953 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ አዳራሽ በአጠገቡ ሲከፈቱ፣ ኋላም በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች በዚሁ አዳራሽ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ሲመሠርቱ፣ በእነዚያ ታላላቅ ሕንፃዎች ውስጥ ይጠርግ፣ ያበስል፣ ይጠብቅ የነበረው ሰው ማታ ማታ ወዴት ይገባ ነበር? የካዛንቺስ ታሪክ የሚጀምረው ከእነዚህ ጥያቄዎች ይመስለኛል።

የስም ነገር ሌላም አደጋ አለው፤ ይኸውም በመመሳሰል መፍረድ ነው። አዲስ አበባ ሳትቆረቆር በፊት አገሩ ኦሮሞ የሰፈረበት እንደ ሆነ፣ ፍል ውሃው የሚፈልቅበትም ስፍራ ፊንፊኔ ይባል እንደ ነበር የታወቀ ነው። «ለገ» በኦሮምኛ ወንዝ ማለት ስለሆነ ለገዳዲና ለገጣፎ የሚባሉ ስሞች በከተማው ዙሪያ አሉ። ይህን የተማረ ተማሪ ቂርቆስ አጠገብ ደርሶ «ለገሃር» ሲባል ቢሰማ፣ ያለ ጥርጥር አንድ ወንዝ ይፈልጋል። ነገር ግን ለገሃር ባቡር ጣቢያ ማለት ከሆነው የፈረንሳይ ቃል የመጣ ነው፤ የባቡሩ ኩባንያ የፈረንሳዮች ነበርና። መሿለኪያ ደግሞ ያለ አስተርጓሚ የሚገባ አማርኛ ነው፤ ሰው ከባቡሩ ሐዲድ ሥር ሾልኮ የሚያልፍበት ስፍራ ነው። ቂርቆስ ራሱ ስሙን ያገኘው በሦስት ዓመት ሕፃንነቱ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር መከራ ከተቀበለው ሰማዕት ቤተ ክርስቲያን ነው። እንግዲህ ከጥቂት ደቂቃዎች መንገድ በማይበልጥ ስፍራ ውስጥ የግእዝ መጻሕፍት፣ የፈረንሳይ ባቡር፣ የኢጣልያ ወረራና የመንገደኛው የዕለት አማርኛ ጎን ለጎን ቆመው ይገኛሉ። በአንድ ቁልፍ ሁሉን እከፍታለሁ የሚል ይሳሳታል።

አሁን ደግሞ ስለ ዓመት አቈጣጠር ጥቂት ልናገር፤ ከእኛ ተማሪዎች ስሕተት አብዛኛው የሚገኝ በዚህ ነውና። ከፈረንጅ መጽሐፍ ዓመት ስናወጣ ሁልጊዜ ስምንት እንቀንሳለን። ኢጣልያኖች አዲስ አበባ የገቡት እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር መጀመሪያ 1936 ስለሆነ፣ ስምንት ሲቀነስ 1928 ይሆናል፤ ልክ ነው። የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው ግን እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 1929 ነው። ይህ ከእንቍጣጣሽ በኋላ ስለሆነ የሚቀነሰው ሰባት ነው፤ ኅዳር 24 ቀን 1922 ዓ.ም. ይሆናል። ወሩን ሳይመለከት ስምንት የቀነሰ ሰው 1921 ብሎ ይጽፋል፤ ሌላውም እርሱን ጠቅሶ ይጽፋል፤ ከዚያ ወዲያ ስሕተቱን ለመንቀል ብዙ ድካም ይጠይቃል። መጽሐፉ ወሩን ካልነገረን ሁለቱንም ዓመት መጻፍ እንጂ አንዱን መርጦ መገመት አይገባም።

ከሰው አፍ የሚገኘው ዓመት ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እኔ መጀመሪያ የጠየቅኋቸውን አንዲት እናት «በስንት ዓመተ ምሕረት እዚህ ገቡ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ እንግዳ ላለማሳፈር ብለው አንድ ቍጥር ሰጡኝ። በማግሥቱ ብመለስ ሌላ ቍጥር ሰጡኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ማንም ሰው ኑሮውን በቍጥር አያስታውስም። በሦስተኛው ቀን «እማማ፣ የታኅሣሡ ግርግር ሲሆን እዚህ ነበሩ?» ስላቸው ግን ቶሎ መለሱልኝ፤ ያን ጊዜ የበኵር ልጃቸውን አዝለው እንደ ነበር ነገሩኝ። የታኅሣሡ ግርግር 1953 ዓ.ም. ስለሆነ መነሻ አገኘሁ። በአዲስ አበባ እንዲህ ያሉ ምልክቶች ብዙ ናቸው፤ ከወላጆች በተሰማው የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ፣ የማይጨው ዘመቻ፣ የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት፣ የአብዮቱ ዘመን። ለቂርቆስ ሰው ደግሞ አንድ የተለየ ምልክት አለው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት የሆነበት አዋጅ የወጣው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዕለቱ ቅዱስ ገብርኤል ቂርቆስንና ኢየሉጣን ከፈላው ውሃ ያዳነበት በዓል ነው። ስለ በዓሉ እየተጫወቱ ስለ ቤቱ መጠየቅ ይቻላል። የኢጣልያን ዘመን በዓይኑ ያየ ሰው ግን ዛሬ እጅግ ጥቂት ነው፤ የሚናገረውም በሕፃንነቱ ያየውን መሆኑን መርሳት አይገባም።

በዚህ ዓይነት ምርምር እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1940ዎቹ ዓመታት ተማሪዎች የኢትኖሎጂ ማኅበር አቋቁመው፣ ለዕረፍት ወደየአገራቸው ሲሄዱ ስለ ልማድና ስለ እቁብ የመሳሰለውን እየጻፉ በራሳቸው ቡሌቲን ያወጡ ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ የነበሩት ስታኒስላው ኾይናትስኪ ረድተዋቸዋል። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሲከፈት ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ እርሳቸውና እንድርያስ እሸቴ ስለ ኢትዮጵያውያን የመረዳዳት ማኅበራት በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ጽፈው ነበር። የአዲስ አበባ መቶኛ ዓመት በ1979 ዓ.ም. ሲከበር በተደረገው ጉባኤ ደግሞ ባሕሩ ዘውዴ ስለ ከተማው ጥንታውያን ሠፈሮች ያቀረቡት ጥናት ይህን ጕዳይ ለሚጀምር ሁሉ ግዴታ የሚነበብ ነው። የታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ለመመረቂያ የጻፏቸውም ድርሰቶች አሉ። ሆኖም ብዙው ጥናት የሚያተኵረው ከ1928 ዓ.ም. በፊት በነበሩት የመኳንንት ሠፈሮች ላይ ነው። በኢጣልያ ዘመንና ከዚያ ወዲህ የተፈጠረው ሠፈር መሥራች ራስ ወይም ደጃዝማች ስለሌለው ባለቤት እንዳጣ ቀርቷል።

ለእንዲህ ያለው ሠፈር ከሁሉ የሚበልጠው ጽሑፍ፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ የዕድር መዝገብ ነው። በእጅ የተጻፈ፣ ጠርዙ የተበላ ደብተር ስለሆነ ማንም እንደ ታሪክ ምንጭ አይቈጥረውም። በውስጡ ግን የአባሉ ስም፣ የገባበት ቀን፣ የወር መዋጮው፣ ለማን ለቅሶ ስንት ብር እንደ ወጣ፣ የድንኳኑና የሳህኑ ቈጠራ ሳይቀር ተጽፎ ይገኛል። ከስሙ ፊት ሃምሳ አለቃ፣ ባሻ፣ ቄስ፣ ሐጂ የሚለውን የማዕረግ ስም በመቍጠር ብቻ ሠፈሩ ወታደር የበዛበት ወይም እስላምና ክርስቲያን አብሮ የሚቀበርበት መሆኑን ለመገመት ይቻላል። መዋጮው ከሳንቲም ወደ ብር የወጣበት ጊዜ ስለ ኑሮ ውድነት ይናገራል። የባል ስም ተሰርዞ የሚስት ስም ሲተካበት መበለቶቹ ይታወቃሉ።

መዝገቡ የማያሳየንም አለ። ዕድር መዋጮ ለመክፈል የሚችል፣ ቤት ያለው ወይም ተከራይቶ የቆየ ሰው ማኅበር ነው። ከገጠር ትናንት የመጣው የቀን ሠራተኛ፣ የሰው ቤት ሠራተኛዋ፣ ካዛንቺስ በምሽት ስሟ የገነነባቸው የመጠጥ ቤቶች ሴቶች ከመዝገቡ ብዙ ጊዜ አይገኙም። ስለ እነርሱ የሚያውቀው ቦኖ ውሃ ላይ ወረፋ ሲጠብቅ የኖረው ሰው ነው፤ ስለዚህ ሴቶቹን ሳይጠይቁ የሠፈር ታሪክ አለቀ ማለት አይቻልም። አድራሻውም ያደናግራል። አንዱ ቤት በንጉሡ ዘመን በወረዳ፣ በደርግ ዘመን በከፍተኛና በቀበሌ፣ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በክፍለ ከተማ ስለ ተመዘገበ፣ አራት ወረቀት ያየ ተማሪ አራት ቤት ያገኘ ይመስለዋል። የቀበሌ ቤት ኪራይ ደረሰኝ ከዕድሩ መዝገብ ጋር ሲመሳከር ግን ነገሩ ይጠራል።

እስካሁን ያልሁት ሁሉ ለመቼውም ጊዜ የሚሆን ምክር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት አብዛኛው ፈርሷል። ነዋሪው ተነሥቶ ከፊሉ ወደ ገላን ጉራ፣ ሌላውም ወደየአቅጣጫው ተበትኗል፤ የአዝማሪ ጨዋታ ቤት የነበረው ፈንዲቃም የቀድሞ ቦታውን ለቋል። መንገዱ ሰፍቷል፣ ሠፈሩም በአዲስ መልክ ተሠርቷል። ቤቶቹ ጠባብና ያረጁ፣ ብዙዎቹም መጸዳጃ የሚጋሩ ነበሩና መፍረሳቸውን ሁሉ እንደ ጥፋት ማየት ተገቢ አይመስለኝም። ለታሪክ ተማሪ የሚያሳስበው ሌላ ነው። ግድግዳው በፎቶግራፍና በፕላን ሊገኝ ይችላል። ዕድር ግን ጎረቤት ሲለያይ ይፈርሳል፤ ገንዘቡን ይካፈላል፣ ድንኳኑን ይሸጣል፣ መዝገቡንም የሚፈልገው አይኖርም። ደብተሩ በጸሐፊው ቤት፣ በአልጋ ሥር ወይም በካርቶን ውስጥ ሆኖ አብሮ ወደ አዲሱ ቤት ይሄዳል፤ ጸሐፊው ሲሞቱ ልጆቻቸው ምን እንደ ሆነ አያውቁትም።

ስለዚህ በዚህ ዓመት ለሠፈር ጥናት የሚወጣ ተማሪ ወደ ቤተ መዛግብት ከመሄዱ በፊት የቀድሞውን ዕድር ዳኛና ጸሐፊ ቢፈልግ ይሻላል። ቤተ መዛግብቱ ለከርሞም ይቈያል። ጸሐፊውን ለማግኘት ከቂርቆስ ተነሥቶ እስከ ከተማው ዳር ድረስ በአውቶቡስ መሄድ ሊያስፈልግ ይችላል። ሲደርስም ደብተሩን አምጡ ብሎ መጀመር የለበትም፤ ቡና ተጠጥቶ፣ ስለ ሟቾቹ ተነጋግሮ፣ ባለቤቱ ሲፈቅዱ እዚያው ቤት ውስጥ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቶ ደብተሩን በቦታው ይመልሳል። የግለሰቦቹ ስም በጽሑፉ እንዳይወጣ ቃል ይገባል፤ ቃሉንም ይጠብቃል። ፎቶው ሁለት ቅጂ ይሆናል፤ አንዱ ለጥናቱ፣ አንዱ ለጸሐፊው ቤተ ሰብ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ዕድሩ የተመሠረተበት ቀን ካለ፣ ተማሪው ያንን ቀን እንዳለ ይገለብጥና ከሥሩ የነገሩትን ሰው ዕድሜ ይጽፋል።