የቤት ጠላን ከጥንስስ እስከ ቅጂ ከብክለት መጠበቅ፦ ለመካነ ሰላምና ለምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ አካባቢዎች

መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ ዞን ምዕራባዊ ክፍል የቦረና ወረዳ ማዕከል ስትሆን፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በከተማዋና በዙሪያዋ በሚገኙት የቦረና፣ የሳይንትና የለጋምቦ ደጋማ ቀበሌዎች ገብስ የምግብም የመጠጥም መሠረት ነው። ለበዓል፣ ለማኅበር፣ ለዝክር፣ ለተዝካርና ለሠርግ የሚጠመቀው ጠላ በአብዛኛው ከዚሁ እህል ይዘጋጃል። ጠላ ሸጠው ቤተሰባቸውን የሚያስተዳድሩ እናቶችም ጥቂት አይደሉም። ከአንድ ጋን የሚቀዳውን ጠላ በአንድ ቀን ብዙ ሰው ስለሚጠጣው፣ ወደ ጋኑ የገባ ብክለት በአንድ ቤት ተወስኖ አይቀርም።

ጠላ በመብላላት ላይ ሳለ በተወሰነ ደረጃ ራሱን የሚጠብቅ መጠጥ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ጥበቃ ገና ያልጀመረበት መነሻ፣ እንዲሁም በቀላሉ የሚፈርስበት መጨረሻ አለው። የመጀመሪያው ጥንስሱ ከተጠነሰሰበት ዕለት አንሥቶ ያሉት ጥቂት ቀናት ሲሆኑ፣ ሁለተኛው ጠላው ደርሶ የሚጠለልበትና ውሃ የሚጨመርበት ሰዓት ነው። ቀጥሎ የቀረበው ማብራሪያ በተለይ በእነዚህ ሁለት ወቅቶች ሊደረግ የሚገባውን ጥንቃቄ ያመለክታል።

ጠላ ራሱን የሚጠብቅበት መንገድ

በመብላላት ሂደት እርሾ በብቅል አማካይነት ከእህሉ የተገኘውን ስኳር ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጣል። ከእርሾ ጋር አብረው የሚራቡት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ደግሞ መጠጡን ያኮመጥጡታል። የአሲድነቱ መጠን በፒኤች ሲለካ ወደ 4.5 እና ከዚያ በታች በወረደ ጊዜ አብዛኞቹ ሕመም አምጪ ባክቴሪያዎች መራባት ይሳናቸዋል። የጌሾ ቅጠልና እንጨት ለጠላው ምሬት ከመስጠቱም በላይ የአንዳንድ ባክቴሪያዎችን እድገት ይገታል። ከጠላው የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድም አየርን ከዕቃው ውስጥ ስለሚገፋ፣ አየር የሚሹ ተሕዋስያን እንዳይራቡ ያግዛል።

የጠላ የአልኮል መጠን ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 በመቶ ነው። ይህ መጠን ብቻውን ጀርሞችን ለመግደል አይበቃም። ጥበቃው የሚገኘው ከአሲዱ፣ ከጌሾው፣ ከአልኮሉና ከአየር እጥረቱ ጥምረት በመሆኑ፣ አንዱ ሲጓደል የሌሎቹም አቅም ይቀንሳል። ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር በ1876 እ.ኤ.አ. ስለ ቢራ ባሳተመው ጥናት የቢራ መበላሸት መንስኤው ከውጭ የሚገቡ ተሕዋስያን መሆናቸውን አሳይቷል። ይህ መርሕ ለቤት ጠላም ይሠራል።

እህሉና ብቅሉ

የጥንቃቄው መጀመሪያ እህሉ ነው። ብቅል የሚዘጋጀው ገብሱ ተዘፍዝፎ፣ ውሃው ተጠንፍፎና በቅጠል ተሸፍኖ እስኪበቅል ድረስ ከቆየ በኋላ በፀሐይ ሲደርቅ ነው። በደጋው ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል የሚሆነው ብቅል የሚደርሰው ግን ዝናቡና ጉሙ ባልለቀቀበት በነሐሴ ወር ነው። በሚገባ ያልደረቀ ብቅል በጆንያ ሲከማች ይሻግታል። ስለዚህ የበዓሉን ብቅል ክረምቱ ከመግባቱ አስቀድሞ አድርቆ ማስቀመጥ፣ ይህ ካልተቻለም በምድጃ አጠገብ በስሱ አስጥቶ እያገላበጡ ማድረቅ ይመከራል።

የሻገተ እህል ወይም ብቅል ለጠላ መዋል የለበትም። አፍላቶክሲንን የመሰሉ የሻጋታ መርዞች ሙቀትን ስለሚቋቋሙ፣ እህሉን ማጠብ፣ ማመስም ሆነ ማብላላት ሙሉ በሙሉ አያስወግዳቸውም። በጎርፍ ወይም በዝናብ የራሰ ዱቄትም እንደዚሁ ነው። በጥር 2015 እ.ኤ.አ. በሞዛምቢክ ቴቴ ክፍለ ሀገር፣ ቺቲማ በተባለ ስፍራ በቤት የተጠመቀ ቢራ ከጠጡት መካከል 75 ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል። በኋላ የተደረገው ምርመራ መጠጡ የተዘጋጀው ጎርፍ ካበላሸው የበቆሎ ዱቄት መሆኑንና በዱቄቱ ላይ የተራባ ባክቴሪያ ያመነጨው፣ በማፍላት የማይጠፋ መርዝ የአደጋው ምክንያት መሆኑን አመልክቷል። ለሰው ምግብነት የማይሆን እህል ለጠላም አይሆንም።

ውሃው

ከጠላው እጅግ የሚበዛው ክፍል ውሃ ነው። በክረምት ወራት ጎርፍ ወደ ምንጮችና ወደ ጉድጓዶች ስለሚገባ ከሰውና ከእንስሳት ዐይነ ምድር የሚመጣ ብክለት ይጨምራል። ከክረምቱ ማብቂያ ጋር የሚገጥመው የበዓል ጠመቃም የሚከናወነው ውሃው በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለ ነው።

በ2600 ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ይህም ሙቀት ሕመም አምጪ ተሕዋስያንን ለመግደል በቂ ቢሆንም፣ በከፍተኛ ቦታዎች ውሃው ከተንተከተከ በኋላ ቢያንስ ለ3 ደቂቃ እሳት ላይ ሊቆይ ይገባል። የፈላው ውሃ ተከድኖ ይቀዝቅዝ። በሙቅነቱ ከተጨመረ እርሾውን ይገድለዋል።

የማገዶ እጥረት ባለበት ቤት ውሃ አጋርን የመሰለ የውሃ ማከሚያ በዕቃው ላይ በተጻፈው መመሪያ መሠረት መጠቀም ይቻላል። ከተጨመረ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። ከመጠን ያለፈ ክሎሪን እርሾን ስለሚያዳክም ለጥንስሱ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይመረጣል። ድፍርስ ውሃ አስቀድሞ ጠልሎ በንጹሕ ጨርቅ ካልተጣራ በቀር ማከሚያው በሚገባ አይሠራም።

ዕቃው

የሸክላ ጋን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት የቀድሞው ጠላ ዝቃጭ በውስጡ ይቀራል። አባቶችና እናቶች ጋኑን በግራዋ ቅጠል ፈትገው ማጠባቸውና በወይራ ጢስ ማጠናቸው መልካም መዓዛ ለመስጠት ብቻ አይደለም። ግራዋው ዝቃጩን ያስለቅቃል፤ የጢሱ ሙቀትና በውስጡ ያሉት ንጥረ ነገሮችም የጋኑን ውስጠኛ ገጽ ያደርቃሉ፣ ተሕዋስያንንም ይቀንሳሉ። ይሁንና ማጠን የመታጠብ ምትክ ሊሆን አይችልም። ጢስ በዝቃጭ ሥር ያለውን ጀርም አይደርስበትም። ስለዚህ ጋኑ አስቀድሞ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ይታጠባል፤ ከዚያም ደርቆ ይታጠናል። የተሰነጠቀ ጋን ለመጥመቂያነት መዋል የለበትም።

በከተማ ብዙ ቤቶች በጋን ፋንታ የፕላስቲክ በርሜልና ጀሪካን ይጠቀማሉ። ፕላስቲክ ሊታጠን አይችልም፤ ሲጫርም በጭረቱ ውስጥ ቆሻሻ ይይዛል። ስለሆነም በለስላሳ ጨርቅና በሳሙና ታጥቦ በሚገባ መለቅለቅ አለበት። የጸረ ተባይ መድኃኒት፣ የነዳጅ ወይም የሌላ ኬሚካል መያዣ የነበረ ዕቃ ግን ምንም ያህል ቢታጠብ ለጠላ፣ ለውሃም ሆነ ለምግብ መዋል ፈጽሞ የለበትም።

ጥንስስና ድፍድፍ

ጥንስስ የሚባለው የጌሾ ቅጠል ዱቄትና ብቅል በውሃ ተበጥብጦ የሚቆይበት የመጀመሪያው ደረጃ ነው። በዚህ ጊዜ አሲዱም አልኮሉም ገና ስላልተፈጠረ ከውሃው፣ ከእጅ ወይም ከዕቃው የገባ ጀርም ያለ ተቀናቃኝ ይራባል። ደጋው ደግሞ ይህን የመጀመሪያ ወቅት ያራዝመዋል። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች በሚወርድበት ጊዜ እርሾው ስለሚዘገይ ጥንስሱ ለብዙ ቀናት ያለ ጥበቃ ይቆያል። የሚከተሉት ጥንቃቄዎች ይህን ጊዜ ለማሳጠር ይረዳሉ፦

• ጥንስሱን ከምድጃ አጠገብ ማስቀመጥና ዕቃውን በጋቢ ወይም በንጹሕ ጆንያ መጠቅለል፤

• የቀድሞ ጠላ አተላ ለእርሾነት የሚጨመር ከሆነ ጣዕሙና ሽታው ካልተለወጠ ጠላ ብቻ መውሰድ፤

• የጌሾውን መጠን ለወጪ ቁጠባ ሲባል ከተለመደው አለመቀነስ፤

• ከመጠንሰስም ሆነ ከመደፍደፍ በፊት እጅን እስከ ክርን በሳሙና መታጠብ፣ ማማሰያውንም በፈላ ውሃ መለቅለቅ፤

• ተቅማጥ ወይም ትውከት ያለበት ሰው፣ እጁም የቆሰለ ሰው ከጠመቃው መታቀብ።

ጥንስሱ ከተነሣ በኋላ ቂጣው ወይም እንኩሮው፣ የቀረው ብቅልና የጌሾ እንጨት ተጨምሮበት ይደፈደፋል። ቂጣው ከምጣድ ከወጣ በኋላ በአፈር ወለል ላይ ሳይሆን በታጠበ ሰፌድ ላይ ሊቀዘቅዝ ይገባል። ጋኑ ተከድኖ ከቆየ አየር ብዙ ስለማይገባው ጠላው ቶሎ ወደ ኮምጣጤነት አይለወጥም። ስለዚህ እየደጋገሙ መክፈትና መቅመስ ጠላውን ይጎዳል። የጋኑ አፍ በጭቃ ወይም በእበት በሚመረግበት ቤት፣ ከምርጊቱ በታች ንጹሕ ክዳን መደረግ አለበት። እበት በራሱ የብክለት ምንጭ በመሆኑ ሲከፈት ፍርፋሪው ወደ ጠላው እንዳይወድቅ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በጀሪካን የሚብላላ ጠላ ደግሞ ጋዙ መውጫ ካጣ ዕቃውን ሊያፈነዳ ስለሚችል ክዳኑ ተጠብቆ መዘጋት የለበትም።

መጥለልና ማቅጠን

በመብላላት የተገኘው ጥበቃ ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው በመጨረሻው ሰዓት ነው። ድግሱ ደርሶ እንግዳው ሲበዛ ጠላው እንዲበቃ ጥሬ ውሃ ይጨመርበታል፤ ከአተላው ላይም ውሃ ተጨምሮ ቅራሪ ይወጣል። በዚህ ጊዜ ሁለት ነገሮች አብረው ይከሰታሉ። አሲዱና አልኮሉ ይቀጥናል፤ በዚያው ቅጽበትም ከውሃው አዲስ ጀርም ይገባል። መጠጡ ወዲያው ስለሚቀርብም ጀርሙ የሚዳከምበት ጊዜ የለም። ስለሆነም ከደረሰ በኋላ ለማቅጠኛም ሆነ ለቅራሪ የሚጨመረው ውሃ ፈልቶ የቀዘቀዘ ብቻ ሊሆን ይገባል። ለድግስ የሚበቃውን ውሃ በዋዜማው አፍልቶ፣ ከድኖ ማሳደር ቀላሉ መፍትሔ ነው።

የማጥለያው ጨርቅ ወይም ወንፊት ከመጠቀም በፊት በፈላ ውሃ ይነከር። መቅጃው በመሬት ላይ ከመቀመጥ ይልቅ በንጹሕ ቦታ ይሰቀል። ጣሳና ብርጭቆ ከአንዱ ጠጪ ወደ ሌላው ሳይታጠብ አይተላለፍ።

የመበላሸት ምልክቶች

ኃይለኛ የኮምጣጤ ሽታ አየር መግባቱን፣ በላዩ የሚታይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ሻጋታ የመጋጠሚያው ንጽሕና መጓደሉን፣ እንደ ተልባ የሚዝለገለግ ጠላና የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ደግሞ ባዕድ ባክቴሪያ መራባቱን ያመለክታሉ። ሻጋታ የታየበት ወይም የተዝለገለገ ጠላ ከላይ ተገፍፎ ወይም ስኳር ተጨምሮበት ሊጠጣ አይገባም። ይሁንና አጣዳፊ ተቅማጥ የሚያስከትሉ ጀርሞች በብዛት ሽታም፣ ቀለምም፣ ጣዕምም አይለውጡም። ጠላው መልካም ሆኖ መቅመሱ ንጹሕ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይደለም። ማረጋገጫው የውሃው፣ የእጁና የዕቃው ንጽሕና ነው።

ስለ ቀሪቦ

በአካባቢው ሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ የሚዘጋጀው ቀሪቦ የሚሠራው የታመሰ ገብስ በውሃ ፈልቶ፣ ተጠልሎ፣ ስኳርና እርሾ ተጨምሮበት ነው። ጌሾ ስለማይገባበትና የሚቆየውም ለአጭር ጊዜ ስለሆነ ከጠላ ያነሰ የተፈጥሮ ጥበቃ አለው። ስለዚህ ከፈላ በኋላ ጥሬ ውሃ ሊጨመርበት፣ ከአንድ ቀን በላይም ሊቆይ አይገባም።

ሕመም ሲከሰት

ከአንድ ጋን ከጠጡ ሰዎች መካከል ሁለትና ከዚያ በላይ የሆኑት ተቅማጥ፣ ትውከት ወይም የመደንዘዝ ስሜት ከታየባቸው ጠላውን መቅዳት ወዲያውኑ ማቆም ይገባል። ጠላው አይደፋ፤ ለምርመራ እንዲሆን ተከድኖና ከሌላው ተለይቶ ይቆይ። ታማሚዎች በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ የተበጠበጠ ኦአርኤስ እየጠጡ ሳይዘገዩ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ሊወሰዱ ይገባል። ጉዳዩንም በቀበሌው ለሚገኙ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ማሳወቅ የሌሎችን ሕይወት ለማትረፍ ይረዳል። ጠላ ምንም ያህል በንጽሕና ቢጠመቅ የአልኮል መጠጥ በመሆኑ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር እናቶች አይሰጥም።