ጌዴኦ፦ እንሰት፣ ቡናና ዛፍ በአንድ ተዳፋት

የጌዴኦ ዞን በታላቁ ስምጥ ሸለቆ ምሥራቃዊ ጠርዝ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወስደውን አስፋልት መንገድ ተከትሎ የተዘረጋ ተራራማ አካባቢ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሥር የሚተዳደር ሲሆን፣ ከክልሉ ማዕከላት አንዷ የሆነችው ዋና ከተማው ዲላ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። መሬቱ በምዕራብ ወደ አባያ ሐይቅ ከሚያዘቀዝቀው ቆላማ ጠርዝ ተነሥቶ፣ በቡና አምራቹ ወይና ደጋ አልፎ፣ በምሥራቅ ወደ 3,000 ሜትር እስከሚጠጋው የቡሌ ደጋ ይደርሳል። በ1999 ዓ.ም በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በዞኑ ከ847 ሺህ በላይ ሕዝብ ተመዝግቧል፤ ስፋቱ ግን 1,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ይህን ያህል ሕዝብ በዚህን ያህል ጠባብና ቁልቁል መሬት ላይ አፈሩ ሳይታጠብ፣ ተራራው ሳይራቆት እንዴት ሊኖር ቻለ የሚለው ጥያቄ የአካባቢው ዋና ጉዳይ ነው።

ከመንገድ ሆኖ ለሚመለከት እንግዳ ኮረብታዎቹ ጥቅጥቅ ያለ ደን ይመስላሉ። ጠጋ ብሎ ላየው ግን ደኑ እርሻ ነው። ከላይ ዋንዛ፣ ብርብራ፣ ሾላና ሌሎች አገር በቀል ዛፎች ጥላቸውን ዘርግተው ይቆማሉ፤ ከእነርሱ ሥር እንሰት ሰፊ ቅጠሉን ይዘረጋል፤ ከእንሰቱ ጎን ቡና፣ ከዚያም ዝቅ ብሎ ጎመን፣ ቦይና ቅመማ ቅመም ይበቅላሉ። በዚህ ተዳፋት ላይ ገበሬው መሬቱን በበሬ አያርስም። በእጅ መሣሪያ ይኮተኩታል፤ አረሙን አጭዶ እዚያው ያነጥፈዋል። ከዛፉ የረገፈው ቅጠልና ከእንሰቱ የተቆረጠው ኮባ በስብሰው አፈሩን ያዳብራሉ፤ የዝናቡንም ኃይል ያበርዳሉ። ዛፍ የቆረጠ ሰው በምትኩ እንዲተክል ልማዱ ያስገድዳል።

ከሦስቱ የኑሮው ምሰሶ እንሰት ነው። ለመድረስ እንደ ዝርያውና እንደ አየሩ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል፤ ከደረሰ በኋላ ግን የተወሰነ የመከር ወቅት ስለሌለው በችግር ጊዜ ተፍቆ ቆጮና ቡላ ይሆናል። ቡና ዋጋው በወረደበት ዓመት እንኳ የገበሬው ቤተሰብ ጾሙን እንዳያድር የሚያደርገው ጓሮው ያለው እንሰት ነው። በዚህም ምክንያት የእንሰት አጠውላጊ በሽታ ከማንኛውም የቡና ተባይ የበለጠ ያስፈራል። በሽታው በባክቴሪያ የሚመጣና በተበከለ ቢላዋ ከተክል ወደ ተክል የሚዛመት በመሆኑ፣ የታመመውን ነቅሎ ማስወገድና መሣሪያን በእሳት ለብልቦ መጠቀም እስካሁን ከሁሉ የተሻለው መከላከያ ነው።

የአካባቢውን ስም በዓለም ያስጠራው ቡና ነው። ገበሬው የጓሮ ቡናውን ኩርሜ፣ ወሊሾና ደጋ በሚሉ ስሞች ይለያል። የኩርሜ ፍሬ ትንሽ ነው፤ የወሊሾ ደግሞ ትልቅ። የቀላ ቡና በብዛት የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ነው። እሸቱ በተለቀመበት ቀን መፈልፈያ ጣቢያ መድረስ አለበት፤ ካደረ ጣዕሙ ይበላሻል። ከተፈለፈለ በኋላ በገንዳ ውስጥ ውኃ ይዞ ይብላላል፣ ሙጫው ይታጠባል፣ ከዚያም ከመሬት ከፍ ብሎ በተሠራ አልጋ ላይ ተሰጥቶ እየተገለበጠ ይደርቃል። አልጋው ዳር ቆመው የተሰበረውንና የተበሳውን ፍሬ ሲለቅሙ የሚውሉት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። የይርጋጨፌ ቡና የሚመሰገንበት የአበባና የሎሚ ቃና ከከፍታውና ከዝርያው ብቻ ሳይሆን ከዚህ ድካምም የሚገኝ ነው። ሳይታጠብ ከነገለፈቱ የሚደርቀው ጀንፈልም ዛሬ በጥንቃቄ ከተዘጋጀ ጥሩ ገበያ አለው።

ስሙ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ዓለም አቀፍ ክርክር አስነሥቶ ነበር። ኢትዮጵያ በ1997 ዓ.ም ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ጥያቄ ባቀረበች ጊዜ የአገሪቱ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃውሞ አሰማ፤ ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር የተነሣው አለመግባባትም በ1999 ዓ.ም በስምምነት ተቋጨ። የይርጋጨፌ ቡና አምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን ቀደም ብሎ በ1994 ዓ.ም ተቋቁሞ የአባላቱን ቡና በቀጥታ ወደ ውጭ መላክ ጀምሯል። ሆኖም ስም መከበሩና ገበሬው ተገቢውን ዋጋ ማግኘቱ አንድ ነገር አይደሉም። የሦስትና የአራት ጥማድ ሳይሆን የጓሮ ያህል መሬት ለያዘ ቤተሰብ፣ የአንድ ወቅት የዋጋ መውረድ የልጆችን ትምህርት የሚያቋርጥ ጉዳት ነው።

ሕዝቡ ጌዴኡፋ የተባለ፣ ከሲዳምኛ፣ ከሀዲይኛና ከከምባትኛ ጋር የሚዛመድ የኩሽ ቋንቋ ይናገራል። ጥንታዊው የባሌ ሥርዓት በአባ ገዳ የሚመራና በስምንት ዓመት ሥልጣን የሚተላለፍበት ሲሆን፣ ሽማግሌዎች በሶንጎ ተሰብስበው ስለ ድንበር፣ ስለ ዕርቅና ስለ ዛፍም ጭምር ይመክራሉ። በ1952 ዓ.ም ገባሩ በባለ መሬቱ ላይ ተነሥቶ በሚጪሌ ያደረገው ውጊያ እስከ ዛሬ በአካባቢው ይታወሳል። በ2010 ዓ.ም ከጎረቤት ጉጂ ጋር በተፈጠረው ግጭት ከሁለቱም ወገን በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ተፈናቅሎ ነበር፤ ሁለቱ ሕዝቦች ደም የሚያደርቁበት የቆየ የዕርቅ ሥርዓት ጎንዶሮ ይባላል።

በተራሮቹ ጫፍ ላይ የሚገኙት ትክል ድንጋዮች ሌላው የአካባቢው ሀብት ናቸው። ቱቱ ፈላ ላይ የሰው ፊትና አካል የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ከመቃብር በላይ ተተክለው ይታያሉ፤ ጨልባ ቱቲቲ ላይ ደግሞ የወንድ ብልት ቅርጽ ያላቸው ረጃጅም ድንጋዮች በብዛት ቆመዋል፣ ብዙዎቹም ወድቀዋል። የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2021 ባወጡት ጥናት ሳካሮ ሶዶ በተባለው ሥፍራ ያሉት ድንጋዮች ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያው ምዕተ ዓመት እንደተተከሉ አመልክተዋል፤ ይህም ቀደም ሲል ከተገመተው በአንድ ሺህ ዓመት ያህል ይቀድማል። ከዲላ ብዙም በማይርቀው የሸጴ ሸለቆ ደግሞ ከብቶች በአለት ግድግዳ ላይ በረድፍ ተቀርጸው ይታያሉ። ዛሬ በእንሰትና በቡና በሚታወቀው በዚህ ምድር ከብት አርቢዎች እንደነበሩ ይህ ቅርጽ ይመሰክራል።

ይህ ሁሉ ተደምሮ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም በሪያድ በተካሄደው ጉባኤ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ምዝገባው ድንጋዩን ብቻ ሳይሆን ገበሬው በየቀኑ የሚኮተኩተውን ማሳ፣ ጥላ የሚሰጠውን ዛፍና የተከበሩትን ደኖች ያጠቃልላል። አስቸጋሪውም እዚህ ላይ ነው። ሙዚየም ይዘጋል፣ ይጠበቃል፤ ማሳ ግን በባለቤቱ ውሳኔ ይኖራል ወይም ይጠፋል። አባት ለልጆቹ ሲያካፍል መሬቱ ይጠባል፤ ወጣቱ ፈጥኖ ገንዘብ የሚያስገኝ ጫት ወይም ባሕር ዛፍ ለመትከል ይገደዳል። ጫቱ ብቻውን ሲተከል ጥላው ይቆረጣል፣ እንሰቱ ይነቀላል፣ ቁልቁለቱም ለጎርፍ ይጋለጣል። በተከበሩት ደኖች ውስጥ ማጌኖ ለተባለው ፈጣሪ ይቀርብ የነበረው ሥርዓትም፣ አብዛኛው ሕዝብ ፕሮቴስታንት ክርስቲያን ከሆነ ወዲህ የቀደመ ተከታዩ ቀንሷል፤ የደኑ ጠባቂ ደግሞ ይኸው ሥርዓት ነበር። ቅርሱን ማቆየት የሚቻለው ገበሬው ዛፉን በማቆየቱ ከቡናው ሽያጭ የሚታይ ጥቅም ሲያገኝ ነው፤ ማስጠንቀቂያና ሰሌዳ ብቻውን ሥራውን አይሠራም።

አካባቢውን ለመጎብኘት የሚመቸው ጊዜ ዝናቡ ካባራበት ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ነው። በዚህ ጊዜ የለቀማውንና የመፈልፈያውን ሥራ ማየት ይቻላል፤ ጥር ገደማም ደራሮ የተባለው የጌዴኦ የዘመን መለወጫና የምስጋና በዓል ይከበራል። ዲላና ይርጋጨፌ በአስፋልቱ ላይ በመሆናቸው ለማረፍ አያስቸግሩም። ወደ ትክል ድንጋዮቹ የሚወስዱት የገጠር መንገዶች ግን ዝናብ ከጣለ ስለሚያዳልጡ ቦታውን የሚያውቅ ሰው ይዞ መሄድ ይገባል። ከድንጋዮቹ ብዙዎቹ በገበሬ ጓሮ ውስጥ ያሉ ናቸው፤ ወደ ደኑም ሆነ ወደ ጓሮው ከመግባት በፊት የአካባቢውን ሽማግሌና ባለቤቱን ማስፈቀድ የተለመደ ነው።