ከምርጊት እስከ ጂፕሰም፦ የአቃቂና የቃሊቲ መኖሪያ ቤት የውስጥ ገጽታ

የከተማ ሕንፃ ታሪክ በተጻፈ ቁጥር አስቀድሞ የሚነሣው የቤተ መንግሥቱ፣ የባንኩና የሆቴሉ የፊት ገጽታ ነው። ሠራተኛ ውሎ ገብቶ ጫማውን የሚያወልቅበት፣ ልጆቹን የሚያሳድግበትና እንግዳውን የሚቀበልበት የቤቱ ውስጥ ግን ከመሐንዲሱ ይልቅ ለእማወራዋ የተተወ ጉዳይ ተደርጎ በመቆጠሩ በሙያው ጽሑፎች ውስጥ እምብዛም ቦታ አላገኘም። ይሁን እንጂ ግድግዳ በምን ይለሰን፣ ጣሪያ በምን ይሸፈን፣ ወለል በምን ይደልደል የሚሉት ጥያቄዎች የውበት ብቻ ሳይሆኑ የሙቀት፣ የእርጥበት፣ የጭስና የክብደት ጥያቄዎች ናቸው። ለዚህም ማስረጃ ለመሻት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፣ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የተዘረጉት ቃሊቲና አቃቂ ይበቃሉ።

የጅቡቲው የምድር ባቡር ሐዲድ አቃቂ የደረሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1915 ሲሆን አዲስ አበባ የገባው ከሁለት ዓመት በኋላ በ1917 ነው። ቀደም ሲል አቃቂ በሰቃ እየተባለ ራሱን የቻለ ከተማ የነበረው ይህ ሥፍራ ከሐዲዱና ከወንዙ የተነሣ ለፋብሪካ የተመቸ ሆነና የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረትና የልዩ ልዩ ዕቃ ፋብሪካዎች ተተከሉበት። ፋብሪካው ሠራተኛን ጠራ፤ ሠራተኛውም ቤት ፈለገ። ቤቱ የተሠራው ታዲያ ከፋብሪካው ውጤት ሳይሆን በአካባቢው ከሚገኘው ከባሕር ዛፍ፣ ከአፈርና ከጤፍ ጭድ ነበር።

ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1880ዎቹ ዓመተ ምሕረት ወደ አገር ባይገባ ኖሮ አዲስ አበባ በማገዶና በቤት መሥሪያ ዕንጨት ዕጦት ሌላ ዕጣ ሊገጥማት ይችል እንደነበር ይታወቃል። የባሕር ዛፉ ቋሚ መሬት ውስጥ ይተከላል፤ ማገር ከውስጥና ከውጭ ይመታበታል፤ በመካከሉም ጭቃ ይሞላል። ጭቃው ከጭድ ጋር ተደባልቆና በእግር ተረግጦ ጥቂት ቀናት እንዲቦካ ይተዋል። ያልቦካ ጭቃ እንደማይጣበቅ ማንም መራጊ ያውቃል። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ይህ ግን ጉድለት አይደለም። ስንጥቁ ለሁለተኛው ምርጊት መያዣ ይሆናል። ሁለተኛው በደቀቀ ጭድ ከቀጠነ አፈር ይሠራል፤ በመጨረሻም በእበት፣ በአመድ ወይም በነጭ አፈር ይለቀለቃል፤ አቅም ያለውም ኖራ ይቀባዋል።

የዚህ ግድግዳ ባሕርይ ለቃሊቲ አየር የተስማማ ነበር። ቀን ፀሐይዋ ጠንካራ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ደግሞ ሌሊቱ ብርዳም በሆነበት አካባቢ፣ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ይቀበልና ሌሊቱን ቀስ ብሎ ይለቃል። እበቱም ኖራውም እርጥበትን አያግዱም፤ ግድግዳው ይተነፍሳል። በአንጻሩ ክረምት ባለፈ ቁጥር ጥገና ይሻል። መስከረም ሲጠባ፣ ገናና ፋሲካ ሲቀርቡ ሴቶች ግድግዳውንና ወለሉን እንደ አዲስ ይለቀልቁ፣ ወለሉ ላይም ቄጤማ ይጎዘጉዙ ነበር። በዘመናችን «ቤትን ማደስ» የሚባለው ሥራ በዚያን ጊዜ በዓልን ተከትሎ የሚመጣ የዘወትር ግዴታ እንጂ እንደ ልዩ ጉዳይ የሚቆጠር አልነበረም። ዋጋውም የእጅ ሥራ ብቻ ስለ ነበረ ድኻውም ባለ ጸጋውም እኩል ያደርገዋል።

የቤቱን ውስጥ ከሥር መሠረቱ የለወጠው ግድግዳው ሳይሆን የቆርቆሮ ክዳን ነው። ቆርቆሮ በባቡር መምጣት ከጀመረ በኋላ የሣር ክዳን ከከተማው እየተመናመነ ሄደ። ቆርቆሮ እሳት አይፈራም፤ በየጥቂት ዓመቱም መከደን አይፈልግም። ሆኖም ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፤ ሌሊት ደግሞ በቶሎ ይቀዘቅዝና ከቤተሰቡ ትንፋሽና ከድስቱ እንፋሎት የሚነሣው እርጥበት ከሥሩ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። ክረምት ሲመጣም ከድምፁ የተነሣ መነጋገር ያስቸግራል። የሣር ክዳን ያለ አንዳች ተጨማሪ ሥራ ይሰጥ የነበረውን ምቾት ቆርቆሮ ወሰደው፤ ሰውም ያጣውን ለመመለስ ሲል ኮርኒስን ፈለገ።

የመጀመሪያው ኮርኒስ አቡጀዲ ነበር። ጨርቁ ተወጥሮ ከግድግዳው ጋር ይቸነከርና በኖራ ይቀባል። ጤዛውን ይቀበላል፤ ሙቀቱን በመጠኑ ይከላከላል፤ ግን አይጥ ይሮጥበታል፤ ያፈሰሰ ቆርቆሮም ካርታ የሚመስል ቡናማ ቅርጽ ይሥልበታል። ቆየት ብሎ አቅም ያነሰው ሰው የማዳበሪያ ጆንያ እየተረተረና እየሰፋ ወጠረ፤ አቅም ያገኘው ደግሞ በሞራሌ ላይ ሀርድ ቦርድ ወይም ቺፑድ መታ። በአራት ማዕዘን እየተከፈለ በቀጭን ዕንጨት የተጠረዘውና ነጭ ቀለም የተቀባው ቺፑድ ኮርኒስ ለብዙ ዓመታት የደህና ኑሮ ምልክት ሆኖ ቆይቷል።

ከዚህ ላይ ስለ ቃላቱ ጥቂት ማለት ይገባል። ሊሾ፣ ስቱኮ፣ ኮመዲኖ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ሊሾ በምንጩ «ለስላሳ» ማለት ሲሆን በአማርኛ በሲሚንቶ ተለስልሶ የተሠራ ወለል መጠሪያ ሆኗል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ያሠራቸው ቤቶች ካዛንችስ የሚለውን የሠፈር ስም አስቀርተው አልፈዋል። ጠላት በጦርነት ተሸንፎ ሲወጣ ግንበኛውና ለሳኙ የተማሩትን ሙያ ከነስሙ ይዘው ቀሩ። ሊሾ ወደ ሠራተኛው ሠፈር የደረሰው ግን ወዲያው አልነበረም፤ ሲሚንቶ ዘወትር ውድና እጥረት ያለበት ዕቃ በመሆኑ ብዙ ቤት ለረጅም ጊዜ በተለቀለቀ መሬት ወለል ላይ ኖሯል።

በጭቃ ግድግዳና በሲሚንቶ መካከል በቆየው በዚህ ዘመን የተስፋፋው የግድግዳ ልብስ ጋዜጣ ነበር። አዲስ ዘመን በዱቄት ሙጫ እየተለጠፈ አቧራውን ያግዳል፤ ቤቱንም ብሩህ ያደርጋል። በዚህ ረገድ አውሮፓውያን የግድግዳ ወረቀት ብለው በውድ ከሚገዙት ነገር ጋር የሥራው ዓላማ አንድ ነው፤ ያውም የሚነበብ መሆኑ ብልጫው ነው። ፊደል የቆጠረ ልጅ ከመደቡ ላይ ተጋድሞ የዓመታት ወሬ ያነባል። ከጋዜጣው ቀጥሎ የመጣው የግድግዳውን ታችኛ ክፍል እስከ ወገብ ድረስ በዘይት ቀለም፣ ላዩን በኖራ ወይም በውኃ ቀለም መቀባት ነው። የሕፃናት እጅ የሚያቆሽሸው ታችኛው ክፍል ስለሆነ በጨርቅ የሚታጠብ መደረጉ ብልህነት ነበረ። ነገር ግን የዘይት ቀለም የጭቃውን ትንፋሽ ይዘጋል፤ ከመሬት የሚወጣው እርጥበት መውጫ ሲያጣ ቀለሙን እንደ ቆዳ ይገፈዋል።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው፣ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ከባለቤትነት ባሻገር የቤቱን ውስጥም ነክቷል። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌዎች፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተላለፉ፤ ኪራይም ቀነሰ። ለተከራዩ ሠራተኛ ይህ ትልቅ እፎይታ እንደ ነበረ አይካድም። በሌላ በኩል የቀነሰው ኪራይ ለጥገና የሚበቃ ገንዘብ አላስገኘም። ነዋሪውም የእርሱ ባልሆነ ግድግዳ ላይ ገንዘቡን ለማፍሰስ የሚያበረታታው ነገር አልነበረም፤ ማደስ ቢሻ እንኳ ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት።

ስለዚህ የቤት ውበት ከግድግዳው ወጥቶ ወደ ዕቃው ገባ ለማለት ይቻላል። ከግድግዳው ላይ ምንም ሳይጨመር በሳሎኑ መካከል ቡፌ ቆመ። ከመስተዋቱ በስተጀርባ ብርጭቆዎችና የቡና ስኒዎች ተደረደሩ፤ በላዩ ሬዲዮው፣ በኋላም ቴሌቪዥኑ በዳንቴል ተሸፍኖ ተቀመጠ። ሶፋው በጥልፍ ለበሰ፤ የመሬቱ ወለል በላስቲክ ምንጣፍ ተሸፈነ፤ ሳሎኑን ከመኝታው የሚለየው ግድግዳ ሳይሆን መጋረጃ ሆነ። ይህንን የዳንቴልና የመጋረጃ ብዛት አንዳንድ የሙያ ሰዎች እንደ ጣዕም ጉድለት ሲቆጥሩት ይሰማል። ፍርዱ ትክክል አይመስልም። ነዋሪው ሲወጣ ይዞት የሚሄደውን ነገር ማሳመሩ የተጣራ ስሌት ነው።

የአቃቂና የቃሊቲ ቤት ከሌላው የአዲስ አበባ ክፍል የሚለይበት ሌላ ችግር ከእግሩ ሥር ይገኛል። በሰፊው የተዘረጋው ጥቁር አፈር፣ ዋልካው፣ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። መሠረቱ ጥልቀት የሌለው ቤት ከዓመት ዓመት አብሮት ይነሣል፤ ይወርዳል። የጭቃ ግድግዳ ይህንን ይችለዋል፤ ዕንጨቱ ይለመጣል፤ ስንጥቁም በመስከረም ምርጊት ይደፈናል። ሲሚንቶ ግን አይለመጥም። በጭቃ ግድግዳ ላይ የሽቦ መረብ ተመትቶ የተለሰነ ሲሚንቶ በአንድ ሁለት ክረምት ከጭቃው ተለይቶ ሲነፋና ሲረግፍ ባለቤቱ ለሳኙን ይወቅሳል፤ ለሳኙም ሲሚንቶውን። ጥፋቱ የሁለቱም አይደለም። በሚንቀሳቀስ አፈር ላይ የቆመ ተለማጭ ግድግዳ ደረቅ ልብስ ሊለብስ አይችልም። የሊሾ ወለልም እንዲሁ ነው። ጥቁሩ አፈር ተቆፍሮ በተጠቀጠቀ ቀይ አሸዋ ወይም ድንጋይ ሳይተካ የፈሰሰ ሊሾ ከመካከሉ ተነሥቶ ይሰነጠቃል። ብዙ ሰው ይህንን ስንጥቅ ለመሸፈን ሴራሚክ ያነጥፍበታል፤ ሴራሚኩም በተራው በዚያው መሥመር ይሰነጠቃል።

በ1996 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የአዲስ አበባ የቤቶች ልማት ፕሮግራም ይህንን ሁሉ ታሪክ በአዲስ ምዕራፍ ከፈተው። ገላንና ቱሉ ዲምቱ የሚባሉት የኮንዶሚኒየም ሠፈሮች በደቡቡ የከተማው ጫፍ ተነሡ። ከስቱዲዮ እስከ ባለ ሦስት መኝታ የተከፈሉት ቤቶች ለዕድለኞች የሚተላለፉት ወጪ ለመቀነስ ሲባል የውስጥ ሥራቸው ሳይጠናቀቅ ነበር፤ ወለሉና ቀለሙ ለባለቤቱ ተተወ። የእንጀራ መጋገሪያና የከብት ማረጃ ደግሞ በጋራ መገልገያ ሕንፃ እንዲሆን ታሰበ። በዚህ ምክንያት ቀድሞ በቀበሌ ቤት ይኖር የነበረ ሰው በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱ ግድግዳ ባለቤት ሆነ፤ ከዕቃው ላይ ያረፈው ውበትም ወደ ግድግዳው ተመለሰ። ብሎኬቱ ተለሰነ፤ በስቱኮ ተለሰለሰ፤ ጂፕሰም ከቃጫ ጋር ተቀርጾ በጣሪያው ዙሪያ በደረጃ ወረደ፤ በመካከሉም የተደበቀ መብራት ገባ። ቡፌው ሳይቀር በግድግዳ ላይ በተሠራ የጂፕሰም መደርደሪያ ተተካ።

የዚህ ፍላጎት ምክንያት ግልጽና የተከበረ ነው፤ አሠራሩ ግን መታየት አለበት። የኮንዶሚኒየሙ ወለል ቀድሞ በተሠሩ የኮንክሪት ወራጆችና በመካከላቸው በሚገቡ ክፍት ብሎኬቶች የተዘረጋ ነው። አምስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የሲሚንቶ ድልድል በአንድ ካሬ ሜትር 110 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ሴራሚኩ ደግሞ 20 ኪሎ ያህል ይጨምራል። አንድ ባለቤት የቀድሞውን ሳያነሣ በላዩ ሁለተኛ ወለል ሲያነጥፍ በሠላሳ ካሬ ሜትር ቤት ውስጥ ወደ አራት ቶን የሚጠጋ ተጨማሪ ክብደት ያስገባል። ከዚህ የከፋው ሳሎኑን ለማስፋት ግድግዳ ማፍረስና ለቧንቧ ወይም ለመብራት መሥመር ሲባል ወራጁን መቦርቦር ነው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ በፎቅ የሚኖሩ ሰዎች በሌሊት ወደ ውጭ ወጥተዋል። በዚያን ጊዜ የተጠየቀው የሕንፃው ጥንካሬ ነበር፤ በየፎቁ ከርክክቡ በኋላ የፈረሰው ግድግዳና የተበሳው ወራጅ ግን በማንም ፕላን ላይ አይታይም።

ሌላው ጉዳይ አየር ነው። የጭቃው ቤት በክዳኑና በግድግዳው መካከል ባለው ክፍተት ጭሱን ያስወጣ ነበር፤ ቤቱ ቢጠቁርም ሰው ይተነፍሳል። አዲሱ ቤት በጂፕሰምና በመስተዋት መስኮት በሚገባ ታሽጓል። ቡናው ግን አሁንም በከሰል ይፈላል፤ መብራት በጠፋ ቀን ወጡም በከሰል ይሠራል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በታሸገ ስቱዲዮ ውስጥ ምድጃ አጠገብ የተኛ ቤተሰብ ላይነቃ ይችላል። ጂፕሰሙን የሚሠራው ባለሙያ በወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ሁለት መዳፍ የሚያህል ሽቦ ወንፊት የተመታበት ቀዳዳ ቢተው ዋጋው ከአንድ የጌጥ አምፖል ያንሳል። ይሁን እንጂ ቀዳዳው መልክ ያበላሻል ተብሎ በብዙ ቤት ተደፍኖ ይገኛል።