«በሕግ አምላክ!» በሰው አገር፦ የሦስት ስደተኛ ሴቶች ክስ ታሪክ

በዚህ እትም በታሪክ ገጻችን አንድ የፍርድ ቤት ክርክር ይዘን ቀርበናል። ክርክሩ የተካሄደው አሜሪካ ውስጥ፣ በአትላንታ ከተማ ነው። ከሳሾቹ ግን ሦስት ኢትዮጵያውያን ስደተኛ ሴቶች ነበሩ፤ ተከሳሹም ኢትዮጵያዊ ነው። በደሉ የተፈጸመው ደግሞ አዲስ አበባ ነው። ታዲያ የአዲስ አበባን በደል አትላንታ ምን ወሰደው? ለመሆኑስ እጁ ባዶ የሆነ ስደተኛ የትናንቱን ባለሥልጣን በሰው አገር ዳኛ ፊት አቁሞ መርታት ይችላል ወይ? እስቲ ከመነሻው እንጀምር። (የአገር ቤቱን ጉዳይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የውጭውን እ.ኤ.አ. እያልን እንጽፋለን።)

ዳኛ የጠፋበት ዘመን

እንደሚታወቀው ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን ያወረደው በመስከረም 1967 ነው። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የቀድሞ ባለሥልጣናትን ጥፋት የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር፤ ሰብሳቢው ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም ነበሩ። ኮሚሽኑ ማስረጃ በማሰባሰብ ላይ እያለ፣ ህዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት ደርግ ስድሳ ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። ከሟቾቹ መካከል ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተወልድና እንዳልካቸው መኮንን ይገኙበታል።

እነዚህ ሰዎች ስለ ሥራቸው መጠየቅ አለባቸው የሚል ሰው በጊዜው ብዙ ነበር። ነገር ግን መጠየቅ ማለት ጥያቄ ቀርቦ መልስ መሰማት ማለት ነው። የተረሸነ ሰው መልስ አይሰጥም። ጥፋተኛውም ከንጹሑ ሳይለይ ቀረ።

ያቺ ሌሊት ለኋላው በር ከፈተች። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ኢሕአፓ በከተማ የደርግ ሰዎችንና ደጋፊዎችን ሲገድል፣ ደርግ ደግሞ «ቀይ ሽብር» ብሎ አወጀ። ቀበሌዎችና ከነሱ በላይ ያሉት ከፍተኞች መሣሪያ ታጠቁ፤ እስር ቤትም ከፈቱ። «ነጻ እርምጃ» የሚባል ቃል መጣ። ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ሳትከሰስ፣ ሳትጠየቅ ትገደላለህ ማለት ነው። ያልተገደለውም በየእስር ቤቱ ወፌ ላላ ተገልብጦ ውስጥ እግሩን ተገረፈ። ከፈቶቹ እስር ቤቶች አንዱ የነበረው በአዲስ አበባ የከፍተኛ 9 እስር ቤት ነው። የከፍተኛ 9 ሊቀመንበርም ቀልቤሳ ነገዎ ይባል ነበር።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም

ዓመታት አለፉ። በከፍተኛ 9 ተገርፈው በሕይወት ከወጡት መካከል አንዷ ሴት ተሰዳ አትላንታ ገባች፤ በአንድ ሆቴልም አስተናጋጅ ሆና ትሠራ ጀመር። አንድ ቀን እዚያው ሆቴል ውስጥ የእንግዶችን ሻንጣ የሚሸከም ሰው አየች። አወቀችው። ቀልቤሳ ነገዎ ነው። እሱም እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካ ገብቶ ጥገኝነት የጠየቀ «ስደተኛ» ነበር።

እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ስንቱ ሰው በዚያች ደቂቃ ጩቤ ይፈልግ ነበር? ስንቱስ አንገቱን ደፍቶ ያልፍ ነበር? ሴትዮዋ ሁለቱንም አላደረገችም። በከፍተኛ 9 የተሠቃዩ ሌሎች ሁለት ሴቶች ተጨምረው እ.ኤ.አ. በ1990 በአትላንታ የፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ።

በአገራችን ጥንት አንድ ሰው «በሕግ አምላክ!» ከተባለ ባለበት ይቆም ነበር ይባላል። ከሳሽና ተከሳሽም ነጠላቸውን አቆራኝተው አብረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ ቁራኛ የሚባለው ይሄ ነው። ተበዳይ በዳዩን አይመታውም፣ በዳይም አያመልጥም። የአትላንታው ክስ ያንን ሥርዓት ያስታውሰናል።

የ1789 ሕግ

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1789 ያወጡት አንድ አጭር ሕግ አላቸው። የአሜሪካ ዜጋ ያልሆነ ሰው የመንግሥታትን የጋራ ሕግ የሚጥስ በደል ከደረሰበት በፌዴራል ፍርድ ቤት ካሳ መጠየቅ ይችላል ይላል። ሕጉ ወደ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ብዙም ሳይነካ ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ1979 ግን ልጃቸው በፖሊስ ተገርፎ የሞተባቸው የፓራጓይ ቤተሰቦች ገራፊውን ኒው ዮርክ ላይ ከሰሱት። የይግባኝ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1980 ገራፊ በየትም አገር ቢገኝ ሊጠየቅ ይገባዋል የሚል ውሳኔ ሰጠ። ሦስቱ ኢትዮጵያውያንም በዚሁ በር ገቡ።

አንድ ነገር ልብ እንበል፤ ይህ የወንጀል ክስ ሳይሆን የፍትሐ ብሔር ክስ ነው። ፍርድ ቤቱ ካሳ ሊያስከፍል እንጂ ሊያስር አይችልም። ሴቶቹ ቀርበው የደረሰባቸውን ተናገሩ፤ ተከሳሹም ካደ። እ.ኤ.አ. በ1993 ዳኛው ቀልቤሳ ነገዎ ለሦስቱም ሴቶች ስቃይ ተጠያቂ ነው ብሎ ወሰነ። ለእያንዳንዳቸው 500,000፣ በድምሩ 1.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍልም አዘዘ። ተከሳሹ ጉዳዩ የፖለቲካ ነው፣ ፍርድ ቤት አይመለከተውም ብሎ ይግባኝ አለ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ክርክሩን ከሰማ በኋላ በጥር ወር 1996 ፍርዱን አጸና።

ሻንጣ ተሸካሚ የነበረ ሰው ይህን ያህል ገንዘብ ከየት ያመጣል? አያመጣም። የፍርዱ ዋጋ ግን ዶላሩ ብቻ አይደለም። በከፍተኛ 9 ለታሳሪ የተነፈገው ነገር ሁሉ አትላንታ ላይ ለተከሳሹ ተሰጠው፦ ክሱን ማወቅ፣ መልስ መስጠት፣ ማስረጃ ማስተባበል፣ ይግባኝ ማለት። ፍርዱ ሊታመን የቻለውም በዚህ ምክንያት ነው። ተከሳሹ አፉን ተይዞ ቢሆን ኖሮ ሌላ «እርምጃ» እንጂ ፍርድ ባልተባለ ነበር።

አሜሪካም ጉድለት አላት

ታዲያ አሜሪካ የፍትሕ ገነት ናት ማለታችን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995፣ ማለትም የፌዴራሉ ዳኛ ይህ ሰው ገራፊ ነው ብሎ ከወሰነ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ የዚያው መንግሥት የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ለቀልቤሳ ነገዎ ዜግነት ሰጠው! የተገረፉት ፍርድ ይዘው ቀሩ፣ ገራፊው ፓስፖርት የማውጣት መብት አገኘ። ዜግነቱ የተነጠቀው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በጥር ወር 2005 ተያዘ፤ በጥቅምት ወር 2006 ወደ ኢትዮጵያ ተላከ። የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ደግሞ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2002 በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ፈርዶበት ነበር። ክሱ ከተመሠረተ 16 ዓመት መሆኑ ነው። ቁራኛው ረጅም ነበር ማለት ይቻላል።

ሌላም ምሳሌ አለ። ከፈለኝ ዓለሙ ወርቁ የተባለ የከፍተኛ 15 እስር ቤት ጠባቂ የሌላ ሰው ስም ይዞ እ.ኤ.አ. በ2004 ከኬንያ በስደተኝነት አሜሪካ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2011 በዴንቨር አካባቢ እሱን የሚያውቅ የቀድሞ እስረኛ አየው። እ.ኤ.አ. በ2014 የ22 ዓመት እስራት ተፈረደበት። የተፈረደበት ግን ሰው በመግረፉ ሳይሆን በኢሚግሬሽን ወረቀቱ ላይ በመዋሸቱ ነው። ለምን ቢባል፣ ውጭ አገር ሰው ያሠቃየን በወንጀል የሚቀጣው የአሜሪካ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ ሕግ ደግሞ ወደ ኋላ ሄዶ አይቀጣም። ይህ ተበዳይን ያንገበግባል። ሆኖም ዛሬ በወጣ ሕግ የትናንቱን መቅጣት ከተፈቀደ ነገ ማንም ሰው አይተርፍም።

የ1789ኙ በርም እየጠበበ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ናይጄሪያውያን አንድ የነዳጅ ኩባንያን በከሰሱበት ጉዳይ፣ ከአሜሪካ ጋር በቂ ግንኙነት የሌለው የውጭ በደል በዚህ ሕግ እንዳይታይ ወሰነ። ደግሞም የዘር ማጥፋትን የሚከለክለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት አሜሪካ ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ከዓለም ቀድማ ያጸደቀችው አገር ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ? ኢትዮጵያ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1949። ሕግ በወረቀት ላይ ለማስፈር የቀደምን እኛ ነን፤ በተግባር ግን ቀይ ሽብርን አላስቀረልንም።

አገር ቤትስ?

መንግሥቱ ኃይለማርያም ግንቦት 13 ቀን 1983 ወደ ዚምባብዌ ኮበለለ። በ1984 የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ፤ ዋናው የደርግ አባላት ችሎትም ታህሳስ 4 ቀን 1987 ተጀመረ። በጠቅላላው ከ5,000 በላይ ሰዎች ተከሰሱ። በዋናው መዝገብ የጥፋተኝነት ውሳኔ የተሰጠው ታህሳስ 3 ቀን 1999፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። ፍርዱን ሳይሰሙ እስር ቤት የሞቱ ነበሩ። መንግሥቱም የተፈረደበት በሌለበት ነው፤ በመጀመሪያ ዕድሜ ልክ፣ በግንቦት 2000 ደግሞ በይግባኝ ሞት። በ2003 የሌሎቹ ከፍተኛ ባለሥልጣናት የሞት ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ ሲቀየር እሱን አልጨመረም።

ችሎቱ ተጓተተ፣ የተሸነፈውን ወገን ብቻ ጠየቀ የሚሉ ወቀሳዎች አሉ፤ ወቀሳዎቹም ሚዛን ይደፋሉ። ይሁን እንጂ ከህዳር 14ቱ ሌሊት ጋር ስናስተያየው ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ስድሳዎቹ በአንድ ሌሊት አለቁ፤ የነሱ ገዳዮች ግን ጠበቃ ቆሞላቸው፣ ምስክር ተሰምቶ ተፈረደባቸው። ከሦስቱ ዳኞች አንዱ እንኳ የዘር ማጥፋት በሚለው አንቀጽ ላይ ከሁለቱ ተለይቶ ሐሳቡን በጽሑፍ አስፍሯል። ዳኛ ሳይፈራ መለየት ከቻለ ፍርድ ቤት አለ ማለት ነው።

ለእኛስ ምን ይሁነን?

እዚህ ንያኩሮን ያለን ሰዎች ይህ ሁሉ የሩቅ ወሬ ሊመስለን አይገባም። በታህሳስ ወር 2013 እ.ኤ.አ. የኤስ.ፒ.ኤል.ኤም. መሪዎች ተሰብስበው የተጣሉት እዚሁ ንያኩሮን የባህል ማዕከል ነው፤ ጦርነቱ የጀመረውም ስብሰባው ባበቃበት ሌሊት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የተፈረመው የሰላም ስምምነት በጦርነቱ የተፈጸሙ ወንጀሎችን የሚያይ ቅይጥ ፍርድ ቤት በአፍሪካ ኅብረት እንዲቋቋም ይላል፤ አዲስ አበባ ላይ በ2018 የተፈረመውም ይህንኑ ደገመው። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ግን ፍርድ ቤቱ ሳይቋቋም ቆየ። ጎረቤቶቻችን የሚጠብቁትን ነገር እኛ ከራሳችን ታሪክ እናውቀዋለን።

በመሆኑም ከአትላንታው ታሪክ ሁለት ነገር እንውሰድ።

አንደኛ፣ የደረሰባችሁንና ያያችሁትን ጻፉ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ማን እንደነበረ፣ ማን እንዳየ። ያያችሁትን ከሰማችሁት ለይታችሁ ጻፉ። ሦስቱ ሴቶች ፍርድ ቤት የቆሙት ከአሥር ዓመት በላይ ባለፈው ትዝታቸው ነው፤ ትዝታ ደግሞ ይደበዝዛል፣ ወረቀት ግን አይረሳም። መጻፍ የተማራችሁ ላልተማሩት እናቶችና አባቶች ጻፉላቸው።

ሁለተኛው ይከብዳል። በስደት ሠፈር ውስጥ «እገሌ እኮ ገራፊ ነበር»፣ «እገሌ ሰላይ ነው» የሚል ወሬ ሻይ ቤት ለሻይ ቤት ይዞራል። ሰው መልክ ያሳስተዋል፣ ስም ይመሳሰላል፣ ቂምም ይዋሻል። በወሬ የተፈረደበት ሰው ይግባኝ የሚልበት ቦታ የለውም። ያለ ፍርድ ሰውን ጥፋተኛ ማድረግ «ነጻ እርምጃ» ነው፤ የጎደለው ጥይቱ ብቻ ነው። ማስረጃ ያለው ማስረጃውን ጉዳዩ ለሚመለከተው የሕግ አካል ያቅርብ። የሌለው ግን ምላሱን ይሰብስብ።

ለውይይት የሚሆኑ ሁለት ጥያቄዎችን ትተን እንሰናበታለን። ተከሳሹ ሊከፍል የማይችለው ካሳ ቢፈረድ ለተበዳይ ምን ይጠቅመዋል? ደግሞስ አሸናፊው ራሱ የማይጠየቅበት ችሎት ፍትሕ ሊባል ይችላል? በየክፍላችሁ ተወያዩበት፤ መልሳችሁን ጽፋችሁ ብትልኩልን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።

ቸር ይግጠመን!