ባዶ እጅና ክፍት መንገድ፦ የሰላማዊ ሰልፍ ታሪካችን ቅኝት

በ1922 ዓ.ም. የመጋቢት ወር ሁለት የፖለቲካ ጠቦች በሁለት አገሮች ለየቅል ሆነው ታዩ። በሕንድ ማኅተመ ጋንዲ የእንግሊዝን የጨው ሕግ በመቃወም መጋቢት 3 ቀን በእግር ተነሡ። በየመንደሩ ሰው እየተከተላቸው ከሦስት ሳምንት በላይ ተጉዘው ዳንዲ ባሕር ዳርቻ ደረሱና የተከለከለውን ጨው አነሡ። በእኛ አገር ደግሞ መጋቢት 22 ቀን፣ ከጋይንት በስተምሥራቅ በአንቺም ሜዳ፣ የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌና የንጉሥ ተፈሪ ጦር ገጠሙ። አውሮፕላን አስቀድሞ የአዋጅ ወረቀት በተነ፤ ኋላ ቦምብ ጣለ። ራስ ጉግሣ ወደቁ፤ የክርክሩ ዶሴም በዚያው ተዘጋ።

በዳንዲ መንገድ ላይ ተራው ሰው ተናጋሪ ነበር። በአንቺም ግን የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ገበሬ የነበረው ዕድል ወይ መዝመት ወይ ስንቅ ማቅረብ ነው፤ ሐሳቡን የጠየቀው የለም። ከዚያ ወዲህ ያለፉት ዘጠኝ አሥርት ዓመታት ታሪካችን ተራው ሰው ያለ ጠመንጃ የሚናገርበትን መንገድ ለመክፈት የተደረገ ትግል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህ መንገድ የሚጸናው በሁለት ነገር ነው፦ ሰልፈኛው ባዶ እጁን ሲወጣ፣ መንግሥትም መንገዱን ሳይዘጋ ጆሮውን ሲሰጥ።

ብሶት የማሰማት ልማድ ጥንትም ነበረን። የተበደለ ሰው ከንጉሥ ደጅ ቆሞ «አቤት! አቤት!» ይል ነበር፤ ወራት ደጅ ይጠና ነበር። ያ ጩኸት ግን በአብዛኛው የአንድ ሰው ወይም የአንድ ወገን ነበር። ብዙ ሰው በአንድነት ተሰብስቦ የመንግሥት ሰዎች እንዲወርዱ ከጠየቀባቸው ቀደምት ጊዜያት አንዱ 1910 ነው። መሐል ሰፋሪ የሚባለው የማዕከሉ ጦር ሚኒስትሮቹ እንዲሻሩ ጠየቀ፤ ከጦር ሚኒስትሩ ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በቀር ተሻሩ። ይሁን እንጂ ጥያቄው የተሰማው ጠያቂዎቹ ወታደሮች ስለነበሩ ጭምር ነው።

ባዶ እጁን የወጣው ትውልድ ተማሪው ነው። በታኅሣሥ 1953 የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች የነመንግሥቱ ንዋይን መፈንቅለ መንግሥት ደግፈው አዲስ አበባ ላይ ተሰለፉ። በየካቲት 1957 «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ ዘመቱ። በ1958 ደግሞ ለማኞች ከከተማ ተለቅመው ሾላ በተባለ መጠለያ መታጎራቸውን በመቃወም ድህነት ወንጀል እንዳልሆነ ተናገሩ። በጌምድር በአመዛኙ የርስት አገር ነበረች፤ የጭሰኝነት ቀንበር የከበደው በደቡብ ነው። ስለዚህ ከሰሜን ሄዶ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ ስለ መሬት ሲጮኽ ለማያውቀው የደቡብ ጭሰኛ መጮኹ ነበር። ለሌላው በደል መውጣት ከሰልፍ ታሪካችን የምንኮራበት ትልቁ ውርስ ነው። ዋጋው ግን ከባድ ነበር፤ በታኅሣሥ 1962 የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ፣ በማግሥቱም ስድስት ኪሎ ግቢ በገባ ጦር ተጨማሪ ተማሪዎች ወደቁ።

1966 ሰልፍ ፍሬ ያፈራበት ዓመት ነው። በየካቲት የታክሲ ነጂዎች በነዳጅ ዋጋ፣ መምህራን የትምህርት ሴክተር ሪቪው በተባለው የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ ምክንያት ሥራ አቆሙ፤ ብዙም ሳይቆይ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወረደ። ሚያዝያ 12 ቀን ሙስሊሞች የሃይማኖት እኩልነትን ጠይቀው አዲስ አበባን ሞሏት፤ የሰልፈኛው ቁጥር እስከ 100,000 ይገመታል። ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ተሰለፉ። በ1967 ሦስት የእስልምና በዓላት ብሔራዊ በዓል ሆኑ፤ በዚያው ዓመት የካቲት የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ሕዝቡ በደስታ እንደገና ጎዳናውን አጥለቀለቀ።

ያ ደስታ አልዘለቀም። በሚያዝያ 1969 የሜይዴይን ሰልፍ ለማድረግ ሲዘጋጁ የነበሩ ወጣቶች አዲስ አበባ ውስጥ በመቶዎች ተረሸኑ። ከዚያ በኋላ ሰልፍ ማለት በቀበሌ ስም እየተጠራ የሚወጡበት የድጋፍ ትእዛዝ ሆነ። የተቃውሞ ሰልፍ ሲገደል የድጋፍ ሰልፍም ትርጉም ያጣል፤ አለመውጣት የማይችል ሰው መውጣቱ ምንም አይመሰክርምና።

በ1983 የሽግግሩ መንግሥት የሰላማዊ ሰልፍና የሕዝባዊ ስብሰባ ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 3ን አወጣ፤ በ1987 ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 መብቱን አጸደቀ። አዋጁ አዘጋጆቹ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቁ ይላል። አስተዳደሩ ቦታው ወይም ጊዜው ይቀየር ካለ ምክንያቱን በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ መግለጽ አለበት እንጂ ሰልፉን መከልከል አይችልም። ሥራ ላይ የዋለው አሠራር ግን ሌላ ነው፤ ማሳወቅ ፈቃድ መለመን ሆነ፣ «ፈቃድ የለውም» የሚል ቃልም ለዱላና ለእስር በቂ ምክንያት ተደርጎ ተወሰደ።

ሚያዝያ 30 ቀን 1997 ተቃዋሚው ቅንጅት በመስቀል አደባባይ የጠራው ሰልፍ እጅግ ብዙ ሕዝብ ወጥቶ በሰላም መመለስ እንደሚችል አሳየ። ከሳምንት በኋላ፣ በምርጫው ዕለት ማምሻ፣ በአዲስ አበባ ሰልፍ ለአንድ ወር ታገደ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በተቃዋሚ ሰልፈኞች ላይ ጥይት ተተኮሰ፤ ጉዳዩን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚሽን 193 ሲቪሎች መገደላቸውን መዘገበ፤ ፖሊሶችም ሞተዋል። ጎዳናው ለዓመታት ዝም ካለ በኋላ ግንቦት 25 ቀን 2005 ሰማያዊ ፓርቲ የጠራው ሰልፍ በሰላም ተጠናቀቀ።

ሐምሌ 24 ቀን 2008 ጎንደር ወጣች። የወልቃይትን የማንነት ጥያቄ ይዞ የወጣው ሕዝብ በኦሮሚያ ለሚፈሰው ደምም ጮኸ፤ ሰልፉ ኮሽ ሳይል ተበተነ። በሳምንቱ፣ ነሐሴ 1፣ ባሕር ዳር ላይ ግን ቢያንስ 30 ሰዎች መገደላቸውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል አስታወቀ። ነሐሴ 15 ቀን ፈይሳ ሌሊሳ በሪዮ ማራቶን ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣመረ፤ የሰልፈኛው ምልክት ዓለም ፊት ቆመ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የመንግሥት መሪ ተቀየረ።

የሰላማዊ ሰልፍ ቀን ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። ጠዋት ሰው በየሰፈሩ ይጠራራል፤ አስተባባሪዎች ዱላ የያዘውን «አስቀምጥ» ይላሉ፣ ሕፃናትን ከመኪና ያርቃሉ። መፈክር አውጪው ይጀምራል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። አደባባይ ሲደረስ የአቋም መግለጫ ይነበባል፣ ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ይመለሳል። አቋምን በጽሑፍ ማስቀመጥ፣ የተቆጣን ጎረምሳ ማረጋጋት፣ ከማያውቁት ሰው ጋር እኩል መራመድ፣ ይህ ሁሉ ዜግነት የሚሠለጠንበት ሥራ ነው።

ይህ ሥራ ለአዲስ አበባና ለባሕር ዳር ብቻ የተሰጠ አይደለም። ንፋስ መውጫ ከወረታ ወደ ወልድያ የሚያልፈው አውራ ጎዳና የሚያቋርጣት ከተማ ናት፤ የጫኑ መኪኖች፣ ወታደርና ወሬ ሁሉ በደጇ ያልፋሉ። በነሐሴ 2013 የህወሓት ኃይሎች ለቀናት በያዟት ጊዜ በሴቶቿ ላይ የደረሰውን የመደፈር ጥቃት አምነስቲ 16 ተጎጂዎችን አነጋግሮ በኅዳር 2014 ለዓለም ተናገረ። በሌሎች አፍ የተነገረ እውነት ዋጋ አለው። ሆኖም እነዚያ እናቶችና እኅቶች ፍትሕና ሕክምና ለመጠየቅ በገዛ ከተማቸው መሐል፣ በገዛ ድምፃቸው፣ ሳይሸማቀቁ መውጣት ይገባቸዋል።

በእነዚያ ዓመታት የሰልፍ መንገዱ ጠበበ። በሚያዝያ 2013 የወገን ግድያ ይቁም ብለው፣ በሚያዝያ 2015 የክልሉን ልዩ ኃይል መፍረስ ተቃውመው በርካታ የአማራ ከተሞች ተሰለፉ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ክልሉም ወደ ጦርነት ገባ። ለዚህ ጦርነት ብዙ ምክንያቶች አሉ። ሕዝብ በአደባባይ የጠየቀው መልስ አለማግኘቱ ከእነርሱ አንዱ መሆኑን ግን የ2008ንም የ2015ንም ሰልፎች ያየ ሰው ሊክደው አይችልም።

ስለዚህ ሰላም ሲወርድ ንግግሩ በመሪዎች ጠረጴዛ ላይ ብቻ ቢያበቃ አይበቃም። የ1983ቱ አዋጅ እንደተጻፈ ይሠራ፤ የወረዳው ኃላፊ የደረሰውን የሰልፍ ደብዳቤ እንደ ዐመፅ ክስ ሳይሆን እንደ ዜጋ ጥያቄ ያንብበው፤ ፖሊስ ሰልፈኛውን ይጠብቅ፤ ሰልፈኛውም ከመካከሉ ድንጋይ የሚያነሣውን ራሱ ያስቁም። የጋይንት ገበሬ ስለ ማዳበሪያው፣ የስማዳ ወጣት ስለ ሥራው፣ የእስቴ መምህር ስለ ደመወዙ ጠዋት ተሰልፈው ማታ በሰላም ቤታቸው የሚገቡ ከሆነ፣ ሰላም ወረደ የሚባለውን ቃል ያን ጊዜ እናምነዋለን።