ኤርታ አሌ ከአየር ሲታይ፦ ስለ ተዘነጉት ስንጥቆች

ስለ ኤርታ አሌ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የላቫ ሐይቁን ይዞ ይነሳል። ለዚህ ልማድ መሠረት የጣሉት እነ ሃሩን ታዚየፍ ናቸው፤ ለ ጉርን፣ ካርቦኔልና ታዚየፍ እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተሙት፣ ከሐይቁ የሚወጣውን ሙቀትና ጋዝ የመረመረ ጥናት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። በልኬቱ ላይ ክርክር የለኝም። የምቃወመው ሐይቁን የተራራው ሁለንተናዊ ማብራሪያ ማድረጉን ነው። ባርቤሪና ቫሬ እ.ኤ.አ. በ1970 ኤርታ አሌ ስላለበት የእሳተ ገሞራ ሰንሰለት ያቀረቡት፣ ስንጥቆችንና የላቫ ፍሰቶችን በሰፊው ያየ ሥራ ግን የሚገባውን ያህል አልተነበበም።

ከአየር የሚታየው ገጽታ የሚደግፈው እነርሱን ነው። ኤርታ አሌ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ቢሰፋም ከፍታው 613 ሜትር ብቻ ነው፤ የጎኖቹ ተዳፋትነት በአማካይ 2 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ሐይቁ ያለበት የአናቱ ካልዴራ 1.6 በ0.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከእርሱ በስተደቡብ ምሥራቅ ደግሞ 3.1 በ1.8 ኪሎ ሜትር የሚሆን ሌላ ረባዳ ተንጣሏል፤ ከካልዴራው ይህን ያህል እየሰፋ ስሙ እምብዛም አይነሳም። ዙሪያውን በተጠማዘዙ የስብራት ገደሎች የታጠረ ሲሆን ቁመቱ የሰንሰለቱን አቅጣጫ ተከትሎ ይሄዳል። ከስንጥቆች የፈለቀ ላቫ ወለሉን አልብሶ አልፎ አልፎ ጠርዙን ተሻግሯል። የአየር ምስሉን ቀረብ አድርጎ ለሚያይ፣ አዲሱ ፍሰት እንደ ከሰል ጠቁሮ፣ አሮጌው አቧራ ለብሶ ወደ ቡናማ አድልቶ ይታያል። ከጥቁሮቹ አንዱን ከምላሱ ጫፍ ወደ ላይ ቢከተሉት መነሻው በአንድ መስመር የተደረደረ ስንጥቅ ሆኖ ይገኛል።

በጥር 2009 ዓ.ም. የሆነውም ይኸው ነው። ሐይቁ መጀመሪያ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ወዲያው ከአናቱ ኪሎ ሜትሮች ርቆ የደቡብ ምሥራቁ ጎን ተሰንጥቆ ላቫ ሲያወጣ የሐይቁ ወለል ወደ ታች ወረደ። በሜዳው ላይ አዲስ አለት ከዓመት በላይ ሲያነጥፍ የቆየው ስንጥቁ ነው።

ኦፐንሃይመርና ፍራንሲስ እ.ኤ.አ. በ1998፣ ሐይቁ ይህን ያህል ዘመን መቆየቱ ብዙ ቅልጥ አለት ከውስጥ እየረጋ መሆኑን ያመለክታል ብለዋል። ይሁን፤ ያ የተራራው ሆድ ጉዳይ ነው፣ እዚህ የተነሳው ግን የገጹ ነው። እርግጥ ነው፣ ቀለም ብቻውን የፍሰትን ዕድሜ አይወስንም፤ የአለት ናሙና ያስፈልጋል። ናሙናው መሰብሰብ ያለበት ግን ከካልዴራው ጠርዝ ሳይሆን ከደቡብ ምሥራቁ ረባዳና ከስንጥቆቹ አፍ ነው፤ የአደጋ ካርታም የሚነሳ ከሆነ ከዚያው ይጀምር።